በመጋዘን ስለታሰረው የካንጋሮ ቆዳ

ለተከበሩ የእንስሳት ውጤቶች መልቀቂያ ክፍል ኃላፊ
ጆሃንስበርግ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው እንዲመችዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የዮቪል ሰፈር ጅራፍ ሠሪዎች ደህና ነን፤ ሥራ ስለሌለን ዕረፍት በዝቶልናል፣ ለዚህም እርስዎን እናመሰግናለን።

አንባቢ እንዲረዳው ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጥ። ባለቤቴ ኤርጎጌ በዚህ ከተማ ለዓመታት የሰው ፀጉር ስትጎነጉን ቆይታ፣ ያንኑ እጇን ወደ ቆዳ አዙራ ረጅም ጅራፍ መሥራት ጀመረች። ገዢዎቻችን በፈረስ ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች ናቸው፤ ጅራፉ አየር ላይ ይጮኻል እንጂ ሰውም ከብትም አይነካም። ለዚህ ሥራ ከካንጋሮ የሚሻል ቆዳ አላገኘንም፤ በቀጭኑ ሲተለተል፣ የላም ቆዳ በሚበጠስበት ቦታ እሱ ይጸናል። እንስሳው የዱር በመሆኑም ከተገኘው ሁሉ አልገዛንም። ፈቃድ ያላቸው አዳኞች በተወሰነላቸው ቁጥር ብቻ ያደኑትን፣ እያንዳንዱም የራሱ መለያ ያለውን ቆዳ፣ ከአንድ ነጋዴ ከአውስትራሊያ አስመጣን። ጥፋታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ዕቃ የሚያስወጣልን የአገራችን ልጅ በላይነህ “እህቴ፣ ለጫማ ነው በያቸውና እንገላገል” ብሏት ነበር። ኤርጎጌ ግን እሁድ በምትዘምርበት አፍ ቅዳሜ እንደማትዋሽ ነግራው፣ ለጅራፍ መሆኑን ለሠራተኛዎ አስረዳች። ሠራተኛዎ “ማንን ልትገርፊበት ነው?” ብለው ጠየቁ፤ ቆዳውም ለምርመራ መጋዘን ገባ። በዚያው ዕለት ለጫማ የተባለ፣ መለያም ምንጭም የሌለው ቆዳ በጎናችን አለፈ። እውነት መናገር የሚያስከትለውን በተግባር ስላስተማሩን ባለውለታችን ነዎት።

ሁለተኛ፣ የለፋ ቆዳ ጥላና ነፋስ እንደሚፈልግ በቃልም በጽሑፍም አመለከትን። እርስዎም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ዝናብ በሚያፈስበት ጥግ አኖሩልን። ሻገተ። ከዚያ መሥሪያ ቤትዎ የቆዳው ሽታ ሠራተኞቹን እንዳሳመማቸው ገልጾ የወቀሳ ደብዳቤ ላከልን። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለውን ተረት፣ እስከ ጅራፍ ሠሪ ደጃፍ ድረስ ስላመጡልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን ለማሳጠር እሞክራለሁ። ኤርጎጌ ከሻገተው መካከል የሚተርፍ ካለ እንድትለይ ልትለምን በርዎ ላይ ተሰልፋ ሳለ፣ ጥበቃዎ ሰልፉን ያስተካከለው ሻምቦክ በሚባለው፣ በየትራፊክ መብራቱ ሥር በሚቸረቸረው የፕላስቲክ አለንጋ ነው። ያረፈው ቀኝ አንጓዋ ላይ ነው። ጣቶቿ እስከ ዛሬ ጠፍር አጥብቀው አይስቡም። ስለ አለንጋው ምንጭና አገልግሎት የጠየቀ ሠራተኛ በዚያ በር ላይ አላየሁም።

አሁን ደግሞ ቆዳው እንዲቃጠል መወሰንዎን ሰምተናል። ውሳኔዎን ለመቃወም እጅ ማውጣት ቢያስፈልግ፣ ከቤታችን የሚወጣው የእኔ ብቻ ነው፤ እሱም መጎንጎን አይችልም። የትርኢቱ ሰዎች ትእዛዛቸውን ሰርዘዋል። ኤርጎጌም ወደ ፀጉር ሥራዋ እንዳትመለስ፣ ፀጉርም የሚጎነጎነው በጣት ነው።

ጉዳያችንን ለአፍታም ሳይመለከቱ እስከ ፍጻሜው ስላደረሱልን፣ ጥልቅ ምስጋናዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣

የእርስዎ አክባሪና ሥራ ፈት፣
ምሕረቱ፣ ከዮቪል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቆዳውን የሸጠልን አውስትራሊያዊ ነጋዴ አንድ ቃል ብቻ አስገብቶን ነበር፦ ለሞተው እንስሳ ክብር ሲባል ከቆዳው ምንም እንዳይባክን። ሰሞኑን የመጀመሪያውን ጅራፍ ፎቶግራፍ እንድንልክለት በትሕትና ጽፎልናል። እሳቱ በደንብ ሲያያዝ አንድ ፎቶግራፍ አንስተው ቢልኩልን፣ እናስተላልፍለታለን።