የጋሽ ዳንኤል ካልሲ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሽታው አሁንም ያቅለሸልሸኛል። የጸሎት ቡድናችንን የማስተናግደው ዛሬ እኔ ነበርኩ። ብርዱ ስለጠና አምና ክረምት ካለፈ ወዲህ ያልነካሁትን የከሰል ምድጃ ሳላጸዳ አቀጣጠልኩት። እንግዶቹ በጭቃው ምክንያት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ።

ጸሎት እንደጀመርን የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ግማት ቤቱን ሞላው። ሁሉም ዓይናቸውን ገልጠው የሽማግሌውን የጋሽ ዳንኤልን እርጥብ ካልሲ አዩ። እኔም አየሁ።

"ይቅርታ፣ የእኔ እግር ነው መሰለኝ" አሉና ካልሲያቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ከአሜን በፊት ወጡ። ግማቱ ግን አብሯቸው አልወጣም።

ማታ ምድጃውን ስገለብጠው ከአመዱ ጋር ግማሽ ጎኑ የተጠበሰ አይጥ ዱብ አለ። አስመለሰኝ።

አፌን ተጉመጥምጬ ደወልኩላቸው። ገና "ጋሽ ዳንኤል" ከማለቴ፣ "ታጥቤያለሁ ልጄ፤ በሳሙና ነው የታጠብኩት" አሉኝ።