ሁለት የግራ እጅጌ

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ ከእናት ለማላሳንስሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ቀጭ ቀጭ ይለኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይስ ዝም ብለሽ ችለሽው ነው? አውቅሻለሁ እኮ፤ የሌላውን ራስ ምታት ይዘሽ ሐኪም ቤት ትሮጫለሽ፣ የራስሽን ወገብ ግን በሻርፕ ጠፍረሽ ትውያለሽ። አጎታችንስ ደህና ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? ሬዲዮናቸውን ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ መክፈታቸውን አሁንም አልተዉም? ልጅሽና ባለቤቷስ፣ ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልቀጥል ነበር። ልማድ ነው። ግን ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት፣ ታምሜያለሁ ብልሽም ውሸት ሊሆንብኝ ነውና እዚህ ላይ ልግታው።

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት አልነግርሽም። ዛሬ እሁድ ነው፤ ስፌት ቤቱ ዝግ ነው። ላይ ካለችው ክፍሌ ወርጄ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው የምጽፍልሽ። እዚህም አላስቀምጥ ብሎኛል። አንድ መስመር ጽፌ ተነስቼ በሩ መቆለፉን አያለሁ፤ ተቆልፏል፤ ራሴ ነኝ የቆለፍኩት። ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። እንዲህ ቁጭ ብድግ ስል ሻዬ ቀዘቀዘ።

የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ መቆየቴ ጠፍቶኝ አይደለም። ክፍሉን ቀለም አስቀብተሽ ጨርሰሻል። አልጋሽን በመስኮቱ በኩል ላድርገው ወይስ በግድግዳው በኩል ብለሽኛል። ባለቤትሽ ጋሼ ካረፉ ወዲህ ያ ትልቅ ቤት ለአንቺና ለአጎታችን ብቻ መቅረቱ ሲከነክነኝ ኖሮ፣ ክረምቱ ሲወጣ ጠቅልዬ እመጣለሁ፣ አብረን እናረጃለን ያልኩሽ እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። አንቺ እንዲያውም አደራ ለእኔ ብለሽ ኑሮሽን እንዳታበላሺ ብለሽኝ ነበር፤ የተቆጣሁሽም እኔ ነኝ። ታዲያ አልጋ በየት በኩል ይሁን ለሚል ጥያቄ መልስ የሚጠፋበት ሰው ምን ሆኗል ትያለሽ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመስኮቱ ልጀምርልሽ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጥቅል ጨርቅ ተሸክሜ ስዞር ጫፉ የስፌት ቤቱን ትልቁን መስኮት መታውና መስታወቱ ዶግ አመድ ሆነ። አሠሪዬ ከታችኛው መንገድ መስታወት ቆራጩን አስጠራች። መላጣ ነው፤ ረጅምም አጭርም አይደለም፤ ኮቱ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ሜትሩን አውጥቶ መስኮቱን ለካ። ደግሞ ለካ። አሁንም እንደገና ሊለካ ሲል አላስቻለኝም፤ መስኮቱ እኮ አያድግም አልኩት። ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ “መስኮቱ አያድግም፣ እኔ ግን እሳሳታለሁ” አለኝ። እትዬ፣ ወንድ ልጅ በሥራው እሳሳታለሁ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። መቀሴን ይዤ ቀረሁ።

በማግስቱ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣና ገጠመው። ከዚያ መስታወቱን ያጣበቀበት ስቱኮ መድረቁን ላይ ብሎ መጣ። ስቱኮ እንደሆነ ማንም ባያየውም ይደርቃል። ቀጥሎ የጎኑ መስኮት ይንቀጫቀጫል ብሎ መጣ፤ ለካስ ሲንቀጫቀጥ ኖሯል፣ እኛ የማሽኑ ድምፅ እየመሰለን። ዘንድሮ የእኛን ስፌት ቤት ያህል መስኮቱ የተጠና ቤት የለም። አንድ ቀን የኮቱ ነገር አናደደኝና አውልቀው አልኩት። ሰው ይህን ያህል ዕድሜ ኖሮ እንዴት አንድ ቁልፍ አያስተክልም እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ ሰፋሁለት። ለበሰው፣ ቁልፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ወጣ። በማግስቱ አመሰግናለሁ ሊል መጣ። ነገረ ሥራው ሁሉ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ይዘገያል። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ የምናገረውን ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የማስበው።

እንዲህም ሆኖ ምንም አልመሰለኝም። እውነቴን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የልቡ በር ተዘግቶ የኖረ ሰው ሲንኳኳ የጎረቤት በር ነው ብሎ ያልፋል። አንቺ ስንቱን አምጥተሽልኝ ስንቱን መለስኩት፤ መምህሩን አፍንጫው አልጣመኝም አልኩ፣ ሾፌሩን ሳቁ ጮኸብኝ አልኩ፣ ያን ደግ ፋርማሲስት ደግሞ ምን እንዳልኩት እንኳ ረሳሁት። ብቻዬን ሙሉ ነኝ እያልኩ አፌን ሞልቼ ስናገር ኖርኩ። ደግሞም ሙሉ ነበርኩ፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

የእጅጌው ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ጨርቅ ታጥፎ በድርብ ሲቆረጥ ግራና ቀኝ እጅጌ አንድ ላይ ይወጣል። ጨርቁ ሲያጥር ግን በነጠላ ይዘረጋል፤ አንዱ እጅጌ ከተቆረጠ በኋላ የልኩ ወረቀት ይገለበጣል፤ ካልተገለበጠ ሁለቱም ለአንድ ወገን ይሆናሉ። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው። እኔ ስንቱን ጀማሪ ስቆጣበት የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሰሞን መስታወት ቆራጩ ብቅ አላለም ነበር፤ እኔም ቀና ባልኩ ቁጥር መስኮቱን አያለሁ፤ ለምን እንደማየው አላውቅም። አንድ ደንበኛ ጨርቁን ራሱ ያመጣውን ኮት ቆርጬ ለሰፊዎቹ ሰጠሁ። ካውያ ተኳሹ፣ አፉ ከካውያው ይልቅ የሚፋጅ ሰው ነው፣ እጅጌዎቹን አነሳና ደራረበ፤ ሁለቱም ግራ ናቸው አለኝ። ሳቅኩበት። ራሴ ደርቤ አየሁት፤ ሁለቱም ግራ ናቸው።

ተኳሹ እጅጌውን ትቶ መስኮቱን አየና፣ “መቀስ፣ ሰውየው ታሞም እንደሆነ ሄደሽ ጠይቂው እንጂ የሰው ጨርቅ አትፍጂ” አለኝ። መቀስ እያሉ እንደሚጠሩኝ ነግሬሻለሁ፤ ቆራጭ ስለሆንኩ ነው ብዬሽ ነበር እንጂ ስለ ምላሴ ነው። ስፌት ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ አሠሪዬ ሳትቀር ሳቀች። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ሳላውቅ የቀረሁት የነገሩ ባለቤት እኔ ብቻ ነኝ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ የማረጥ ላብ ነው እንዳልል እሱ ካለፈልኝ ቆይቷል። ቁርጥራጩን ገጣጥሜ ቀኝ እጅጌ አወጣሁ፣ ስፌቱን በብብት በኩል ደበቅኩት፣ ለደንበኛውም ነገርኩት። ልቤን ግን በየት በኩል ልደብቀው?

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በምሳ ሰዓት መስታወት ላሠራ ነው ብዬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። መስታወት እንዳለኝ እግዜርም ያውቃል። ገና ስገባ በየግድግዳው ከተደገፈው መስታወት ሁሉ እኔው ነኝ የማፈጠው፤ ጸጉሬን ሳላበጥር መውጣቴን ያየሁት እዚያ ነው። የቀረው እናቱ ታመውበት ኖሯል። ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ተኝተዋል፤ ከአልጋ ሳይወርዱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከእሱ በቀር የሚያገላብጣቸው የለም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማን ናት ብለው ሲጠይቁት ቁልፍ የሰፋችልኝ ናት አላቸው። አሮጊቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝና፣ “አንቺ ነሻ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ እትዬ፣ አልቆልኛል።

ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመርኩ። ከእናቱ ጋር እጫወታለሁ፤ እሱ መስታወት ሲቆርጥ አያለሁ። ጨርቅ ብትሳሳቺ ትጥፊዋለሽ፣ መስታወት ግን ይቅርታ አያውቅም ይለኛል። እኔም ታዲያ ለዚህ ነው እንደ ኤሊ የምትሠራው እለዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ይህን ትከሻ ለማየት ስል ቀኑን ሙሉ ቀልድ ሳጠራቅም እውላለሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ሲመጣ እቆጣዋለሁ፤ ሲቀር ደግሞ በመቅረቱ እቆጣዋለሁ። በሃያ ዓመቴ እንዲህ አልሆንኩም። ያኔ ያጨኝ ሰውዬ ጥሎኝ ሲሄድ እንኳ ምሳዬን በልቼ ነው ያለቀስኩት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሱቁን ሲዘጋ አብረን እንኑር፣ ተጋብተን እንኑር አለኝ። ጮኽኩበት። “በዚህ ዕድሜ?” አልኩት። እሱም ቁልፉን እያዞረ፣ “በሌላ ዕድሜ አላገኘሁሽም” አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? የአንቺን ነገር ነገርኩት፤ ቃል መግባቴን፣ ክፍሉን ማዘጋጀትሽን። እሱ እናቱን ጥሎ ወይም ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ እንደማይሄድ ግልጽ ነው፤ አንቺም አጎታችንን ይዘሽ ወደዚህ እንደማትመጪ ግልጽ ነው። እንዲለምነኝ፣ እንዲሟገተኝ ጠብቄ ነበር፤ ያኔ ተጣልቼው እገላገላለሁ። እሱ ግን ቃል ቃል ነው፣ ለማንኛውም ጻፊላት፣ እኔ እጠብቃለሁ አለኝ። መጠበቅ ለእሱ ሥራው ነው። እኔ ነኝ የምቃጠለው።

ደግሞ ፍርሃቱ አለ። እኔ ቆሜ መብላት የለመድኩ ሰው ነኝ። ትራሴ አንድ ነው። ስናደድ ከግድግዳ ጋር እነጋገራለሁ፤ ግድግዳው አይቀየመኝም። በምተኛበት ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ሲያስል መስማት እችል ይሆን? ብለምደውስ፣ ከለመድኩት በኋላ ባጣውስ? አንቺ ጋሼን ካጣሽ በኋላ ሌሊት ሌሊት እጅሽ ወደዚያኛው የአልጋ ወገን እንደሚሄድ ነግረሽኝ የለ? ያኔ አዘንኩልሽ። ሰሞኑን ግን ቀናሁብሽ፤ ይቅር በይኝ፣ እንዲህ ያለ ቅናት አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ይህን ደብዳቤ ስጀምረው እምቢ እንድትይኝ ፈልጌ ነበር። ነይ፣ ቃልሽን ጠብቂ፣ በስተርጅና ምን የሚሉት እብደት ነው ብትይኝ፣ እህቴ እምቢ አለች ብዬ ጓዜን ጠቅልዬ መጥቼ አርፍ ነበር። ጥፋቱም የአንቺ ይሆን ነበር፤ እንዲህ ተንኮለኛ ነኝ። እዚህ ድረስ ጽፌ ስመጣ ግን እምቢ ብትይኝስ ብዬ ፈራሁ። ከፈራሁማ ምኑን እጠይቅሻለሁ? መልሱን ራሴው ይዤው ነው ቁጭ ብድግ ስል የዋልኩት።

ስለዚህ ፈቃድ አልጠይቅሽም። ነገ ጠዋት ይህን ፖስታ አስገብቼ በዚያው ወደ መስታወት ቤቱ እሄዳለሁ፤ እሺ እለዋለሁ። ክረምቱ ሲወጣ አልመጣም። ለጥየቃ እመጣለሁ፤ ለመኖር ግን አልመጣም። ከዚህ በላይ አሳምሬ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻሽን ጉልበትሽን ይዘሽ ደረጃ ስትወጪ ይታየኛል። ግን እያለቀስኩም እሄዳለሁ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ጽፈሽ ቅደጂውና ደግመሽ ጻፊው። ዝምታሽን ብቻ አልችለውም።

የአጎታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው፣ አለዚያ ሞተች ያልሻቸው ሊመስላቸው ይችላል። ለልጅሽ ሰላም በያት፤ ሳምንት ሳምንት መጥታ ከምትሄድ እስቲ ሰንበት ሰንበት እንድታድር አክስትሽ ለምናሻለች በያት። ለባለቤቷም ሰላም በይልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ማዶ ላሉት አናጺ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ደረጃሽ ላይ መደገፊያ እንዲሠሩልሽ እኔ ነኝ ያዘዝኩት በያቸው፣ እምቢ እንዳትዪ።

እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ ከዚህ ወገን ሰላም የሚልሽ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጻፊላት ያለኝ ዕለት ሰላም በይልኝ ብሎኝ ነበር። በምንህ ብዬ፣ የማታውቅህን ሰው በየትኛው ዝምድና ብዬ ተቆጥቼ ተለየሁት። ሰላምታውንም እስከዚህች መስመር ድረስ ይዤው ቆየሁ።

እትዬ፣ ሰላም ብሎሻል።

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ አጋማሽ