ስለ ኪሊምሳ በጠጥ ለክቡር ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኢንጂነር አናክሌቶ ባሪዮስ
የአውራጃው የእንስሳት ጤና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከባሕሩ ጠረፍ ሙቀት ወጥተው እኛ ተራራ አናት ላይ ከተሾሙ ወዲህ ያስቸግርዎ የነበረው ራስ ምታት እንደ ለቀቀዎ፣ ትንፋሽዎም የጽሕፈት ቤቱን ደረጃ ሲወጡ እንደማይቆራረጥ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ መልቾራ ዩክራ እባላለሁ፤ የቆልፓፓታ ማኅበር አባልና የአንገተ ረጅሙ፣ የባለ ሱፉ አልፓካ አርቢ ስሆን፣ ከእናቴ ከወረስኩት መንጋ ጋር አብሬ አርጅቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ለብቻዎ የላክኋቸው ማመልከቻዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ተብለው ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ስለ ቀሩ አይደለም። ምስጋና በአደባባይ ሲሆን ስለሚያምር ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከአውራዬ ከኪሊምሳ ልጀምር። ኪሊምሳ በእኛ ቋንቋ ከሰል ማለት ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ሰኮናው አንድ ነጭ ጠጉር የለበትም። በእናቴ ዘመን ጥቁር አልፓካ ሜዳውን ይሞላው ነበር፤ ኋላ ሱፍ ገዢዎች ነጭ ነጩን ብቻ ሲሉ ሁሉም ሰው ነጭ ማርባት ያዘ፣ ጥቁሩም እያለቀ ሄደ። ዛሬ በዚህ ሸለቆ ከኪሊምሳ ሌላ ንጹሕ ጥቁር አውራ መኖሩን አላውቅም። ዝናቡ ሲገባ ከእንስቶቹ ጋር ካልዋለ የሚቀጥለው ዓመት ግልገል የለኝም፤ እሱም ዕድሜው እየገፋ ነው። ዘሩ ገና አለ ብዬ ሰው እንዲያይልኝ ወደ ግብርና ትርኢቱ ይዤው የመጣሁት ስለዚህ ነው። ለዚሁ ትርኢት ጽሕፈት ቤትዎ ያወጣው የጤና ደንብ ያደረገልኝን ውለታ እንደሚከተለው በቁጥር ለመግለጽ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. የመመዝገቢያው ቅጽ የእንስሳው ቀንድ ርዝመት እንዲሞላ ያዛል፤ አልፓካ ግን ከተፈጠረ ቀንድ አብቅሎ አያውቅም። ደንቡ በጠረፉ አገር ለላምና ለበሬ ተጽፎ ወደ እኛ እንደ ተላከ ሰምቻለሁ፤ ወረቀት መቆጠቡ የሚያስመሰግን ነው። ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት ስለሌለው የእንስሳት ሐኪምዎ ዶክተር ዊልበር ጥቂት አሰበና «በምርመራው ወቅት አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። ኪሊምሳ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀንዱን የጣለ እንስሳ ሆኖ በመዝገብ ይገኛል።

፪ኛ. ከብቶቻችንን በጆሯቸው ላይ በቀለም ሱፍ ክር ማስጌጥ ልማዳችን ነው፤ ክሩንም የምፈትለው እኔው ነኝ። ባልደረቦችዎ ይህ «ባዕድ ነገር» ነው ብለው በመቀስ ቆርጠው ጣሉትና በምትኩ ለበሬ ጆሮ የተሠራ የቁጥር ቢጫ ላስቲክ ሰኩበት። ጆሮው ከክብደቱ የተነሣ ወደ ታች ስለ ተንጠለጠለ አሁን ሁልጊዜ በትሕትና የሚያዳምጥ ይመስላል። መንግሥትን እንዲህ አድርጎ ማዳመጥ እኔንም ቢያስተምሩኝ ደስ ይለኛል።

፫ኛ. ወደ ዋናው ውለታ ስመጣ፣ ደንቡ ለትርኢት የቀረበ እንስሳ ሁሉ በትርኢቱ ግቢ ውስጥ በመድኃኒት በታጠበ ጋጣ ለብቻው አድሮ፣ እዚያው ወለል ላይ የጣለው እበት ለሆድ ትል ምርመራ እንዲላክ ያዛል። ናሙናው እንስሳውን እንዳያስጨንቅ ከአካሉ በእጅ አይወሰድም፤ ርኅራኄው ልቤን ነክቶታል። ችግሩ፣ ክቡር ሆይ፣ አልፓካ ባገኘበት አይጥልም። መንጋው ሁሉ በጠጡን የሚጥልበት አንድ የጋራ ክምር አለው፤ ሄዶ ያሸታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጥለው። ይህን ዶክተር ዊልበርም ከእኔ እኩል ያውቃል፤ ያደገው ከዚሁ ማዶ ነው። ኪሊምሳ ግን መድኃኒት ብቻ የሚሸት ባዶ ሲሚንቶ ላይ ለብቻው ቆሞ ጭንቅ በጭንቅ ሆኖ አመሸ።

እኛ አርቢዎች ከብት ወደ አዲስ በረት ስናስገባ ከሌላ ክምር አንድ እፍኝ በጠጥ ወስደን ጥግ ላይ እናኖራለን፤ እንግዳው በዚያ ቦታውን ያውቃል። እጄ የለመደውን አደረገ፤ ከግድግዳው ማዶ ካለው ክምር አንድ እፍኝ አመጣሁና አኖርኩለት። ጠዋት የመጡት ቴክኒሻንዎ ጋጣው ውስጥ በጠጥ ሲያዩ ደስ ብሏቸው፣ እኔ ከበር እስክደርስ አሽገው ማኅተም አሳርፈውበታል። ኪሊምሳ ገና አልጣለም ነበር። የታሸገው እኔ ያመጣሁት ነው ብዬ ብለፈልፍ የሚሰማኝ አጣሁ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ውጤቱ ሲመጣ በጠጡ ትል በትል ሆኖ ተገኘ፤ ኪሊምሳም ከትርኢቱ ተሰርዞ በዚያው ጋጣ በለይቶ ማቆያ እንዲቆይ ተወሰነበት። ዶክተር ዊልበር ታሪኩን ከእኔ አፍ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«እማማ፣ እኔስ አምንዎታለሁ» አለኝ፤ «ማኅተሙ ነው የማያምንዎት።»

፬ኛ. ከግድግዳው ማዶ ያለው ክምር የማን እንደ ሆነ ክቡርነትዎ ሳይጠይቁኝ መናገሬ ድፍረት እንዳይሆንብኝ። ክምሩ የጽሕፈት ቤትዎ የሞዴል መንጋ የጣለው ነው። የዚያ መንጋ አውራ፣ ነጩ ኤምፔራዶር፣ በትርኢቱ አንደኛ ወጥቶ ጥብጣብ ያጠለቀው ነው፤ ጥብጣቡንም ያጠለቁለት እርስዎ ነዎት፣ ፎቶግራፉም ያምራል። የሞዴል መንጋው ለምን እንዳልተመረመረ መድረክ ላይ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ እስካሁን በገበያው ይነገራል።

«እነዚህ ተወዳዳሪ አይደሉም፤ ምሳሌ ናቸው» ብለው ነበር። «ምሳሌ ደግሞ አይመረመርም።»

፭ኛ. ኪሊምሳ የሚፈታው ከዚያው ጋጣ ንጹሕ ናሙና ሲገኝ ብቻ ነው። እንስሳ መቼም እስከ መጨረሻው አይቋጥርምና፣ ውሎ አድሮ ለመደና ሌሊት ሌሊት መጣል ጀመረ። ይሁን እንጂ የለይቶ ማቆያው ደንብ ተቆጣጣሪው ከመግባቱ በፊት ወለሉ በመድኃኒት ይታጠብ ስለሚል፣ ጠዋት ጠዋት ታጥቦ ካለቀ በኋላ ቴክኒሻኑ ይገቡና ናሙና አለመኖሩን መዝግበው ይወጣሉ። ይህ እየሆነ ሳለ ዝናቡ ገባ፣ ሣሩ አቆጠቆጠ፣ የጎረቤት አውራዎች ከእንስቶቻቸው ጋር ዋሉ። የእኔዎቹ ሜዳ ላይ ባዶአቸውን ይዞራሉ። አልደብቅዎትም፣ በዚያ ሰሞን እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። የእናቴ ዘር በእኔ እጅ፣ ያውም በታጠበ ወለል ምክንያት ሊያልቅ ነው ብዬ አለቀስኩ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ያን ጊዜ የቸርነት ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ለደረሰብኝ መጉላላት ማካካሻ ይሆን ዘንድ ኤምፔራዶር ራሱ መጥቶ እንስቶቼን አጥቅቶ እንዲያስረግዝልኝ ፈቅደዋል። ከነጥብጣቡ፣ ከነትሉ፣ ከነነጭነቱ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክብር አይገባኝም ብዬ በትሕትና መመለሴን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ስለ ደብዳቤዎ ግን ይበልጥ የማመሰግንዎ በሌላ ምክንያት ነው፤ መልስ ልጽፍ ስል ደንቡን እንደገና እንዳነብ አደረገኝ። ከለይቶ ማቆያ ማንኛውም እንስሳ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለሚገባ እንስሳ ግን አንድም ቃል የለበትም።

በማግሥቱ እንስቶቼን በሙሉ ነድቼ በትርኢቱ ግቢ በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው ቶሪቢዮ ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ በሥራው ላይ ዘመድ አያውቅም። በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ ጨረሰና እንደገና ጀመረ።

«መውጣት ነው የተከለከለው» አለ በመጨረሻ። «ስለ መግባት የሚል የለም። ግቢ አበልጄ።»

ገባን። በደንቡ መሠረት የገባ ስለማይወጣ እንስቶቼ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው፤ ስለሚበሉት የጽሕፈት ቤቱ ገብስ ድርቆሽም በእነሱ ስም አመሰግናለሁ፤ ከሜዳው ሣር ይሻላል። መንጋው ሲበዛ ጋጣው ስላልበቃ ከኪሊምሳ ጋር ግቢው ውስጥ ይውላሉ፤ መሐሉ ላይም የራሳቸውን ክምር ጀምረዋል። አጣቢው እየታገለ ቢሆንም እነሱ ይቀድሙታል። ቴክኒሻኑ በመጨረሻ ናሙና በናሙና ሆነውልኝ ዶክተር ዊልበር መረመረው፤ አንድ ትል አልተገኘበትም። ነገር ግን ከክምሩ ውስጥ የትኛው የኪሊምሳ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ስላልተቻለ ጉዳዩ ለርስዎ ውሳኔ ቀርቧል።

መቼም አይቸኩሉ። ሴት አልፓካ ፅንስ ስትይዝ አውራውን አጠገቧ አታደርስም፤ ቀና ብላ ትተፋበታለች፤ እኛም መያዟን የምናውቀው በዚሁ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት የሚውለው የካርኒቫል በዓል ሲያልፍ ኪሊምሳ ወደ አንዷ ቀረበ፣ ተፋችበት። ወደ ሌላዋ ሄደ፣ ተፋችበት። ግቢውን በሙሉ ዞሮ ፊቱ እስኪርስ ድረስ ተተፋበት፤ እኔም አጥሩን ተደግፌ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቴክኒሻንዎ ሁኔታውን «ምክንያቱ ያልታወቀ የጠበኝነት ምልክት» ብለው መዝግበው ለይቶ ማቆያው እንዲራዘም ጠይቀዋል፤ እባክዎ ያራዝሙላቸው። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ ጥቁር ጥቁሮቹ ግልገሎች በመንግሥት ግቢ ይወለዳሉ፤ በልደት መዝገባቸው ላይ በአባት ስም ቦታ የኪሊምሳ የላስቲክ ቁጥር እንዲሞላልኝ ከወዲሁ አመለክታለሁ።

የደጋው ብርድ ሳይነካዎ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ በጀመሩት የጤና ጥበቃ መንገድ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ የምትመኝ፣ የደንቡ ታዛዥ፣ የድርቆሽዎ ባለዕዳ፣

መልቾራ ዩክራ
ከቆልፓፓታ ማኅበር

ማሳሰቢያ፦ መንጋውን በአካል ሊጎበኙ እንደሚመጡ ዶክተር ዊልበር ነግሮኛል። ሲመጡ ከአጥሩ ራቅ ብለው እንዲቆሙ፣ የሥራ ልብስዎንም ሳይሆን የማያሳዝንዎትን ልብስ እንዲለብሱ በአክብሮት አሳስባለሁ። የያዘች አልፓካ በቀረባት ወንድ ሁሉ ላይ ትተፋለች፤ ማዕረግ አትለይም።