ስመኝ ያጠነችው ድስት

ይድረስ ለእትዬ ጽጌማርያም፤

ከዲላ እስከ አንኮበር ያለው አገር ዳገቱ ብዙ ነው፤ በየዳገቱ ልክ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት በዚህ ብርድ አልተነሣብሽም? የእማማ ዓይንስ ተሻላት? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ልቤ ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽሽም። ባለቤቴን ስመኝን ጣሊያኖቹ ካሰሯት ሰነበተ።

ይህን በፖስታ ያልላክሁት ስለሚያነቡት ነው። ጎረቤታችን ሸምሰዲን ከኢዲዶ መንደር የገዛውን ቡና ይዞ ወደ አዲስ አበባ ስለሚወጣ በሰው በሰው ያደርስልሻል። አንብበሽ እሳት ውስጥ ክተቺው።

እንደምታውቂው እኔና ስመኝ የምንሠራው በጣሊያኖቹ ፎርኖ፣ የወታደሩ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ነው። እርሾውን የምትጠብቀው እሷ ነበረች፤ የሚቀመጠውም በትልቅ የብረት ድስት ነው። አንድ ቀን ድስቱ ሸተታት። መቼም በንጽሕና ቀልድ እንደማታውቅ አንቺ ምስክር ነሽ። እርሾውን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠች፣ ድስቱን በግራዋ ቅጠል አጠበች፣ ከዚያ አንቺ የጠላ ጋንሽን እንደምታጥኚው በወይራ ፍም ላይ ደፍታ አጠነችው። ብረት እንደ ሸክላ አይደለም፣ ወዲያው ጋለ። ጋጋሪዎቹ ቶሎ በይ እያሉ ሲያጣድፏት ድስቱ ሳይበርድ እርሾውን መለሰችበት። ሊጡ በማግስቱ እንደ ጭቃ ተኝቶ ዋለ። የጦሩ ካፒቴን መጥቶ አየና ይህ መርዝ ነው አለ። ከሊጡ ላይ አንሥተው ወሰዷት።

ሮጬ የሄድሁት መድኃኒት ቀማሚው ዘንድ ነው። እሱም ጣሊያን ነው፣ ግን ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ስለኖረ አማርኛ ይሞክራል። እርሾውን በማጉያ መነጽር አይቶ አስረዳኝ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በየደቃቅ ፍሬው ውስጥ ስኳርን የሚሰባብር ነገር አለ፤ ሊጡን የሚነፋውም ጠጁን የሚያሰክረውም ከዚያ ይወጣል አለኝ። ፍሬው ተፈጭቶ ጭማቂው ብቻ ቢቀር እንኳ ሥራውን አይተውም። የዚያ ሰባባሪ ነገር ቅርጹ ከስኳሩ ጋር እንደ ጓጉንቸርና ቁልፍ ይገጥማል፤ ሙቀት ሲበዛበት ግን ቅርጹ ይፈርሳል፣ ቢበርድም የተቀቀለ እንቁላል ጥሬ እንደማይሆን ሁሉ አይመለስም። ልጅሽ ይመኙሻል በልጅነቷ ጥንስስሽ ላይ የፈላ ውሃ ደፍታ የተቆጣሻት ጊዜ ትዝ አለኝ።

ጠላት ቢሆንም እውነቱን ልናገር፣ ሰውዬው አላፈረም፤ ካፒቴኑ ፊት ቆመልን። በሁለት ጠርሙስ የስኳር ውሃ አደረገ፤ በአንዱ ከቤታችን ያመጣሁለትን ደኅናውን እርሾ፣ በሌላው በእሳት የሞቀውን። ደኅናው አረፋ ደፈቀ፣ የሞቀው ዝም አለ። ከዚያ የሞቀውን አንሥቶ ጠጣው። መርዝ ቢሆን ይገድለኝ ነበር አለ። እኔም አምላኬን አመሰገንሁ፤ አበቃ፣ ስመኝ ወጣች ብዬ።

ካፒቴኑ ግን ሳቀ። እንግዲያው ይህች ሴት ያለ መርዝ የሠራዊቱን ዳቦ ማቆም ትችላለች ማለት ነው አለ። ስመኝን አስጠርቶ ይህን ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ ነው አለች። አየሽ እትዬ፣ ስምሽን አልጠራችም። ወደ ሞቃዲሾ ከሚወስዷቸው እስረኞች ጋር ጻፏት።

ትላንት በእስር ቤቱ አጥር በኩል አየኋት። ከስታለች። የቤታችን እርሾ እንዳይሞት ዱቄት እየጨመርህለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እየጨመርሁ ነው አልኋት። እባክሽ ማጠን ያስተማርኋት እኔ ነኝ እያልሽ ራስሽን አትብዪ፤ እሷም ይህንኑ ንገራት ብላኛለች።

ባልሽን ከፈለኝን በጣም እንደናፈቅሁት ንገሪልኝ። ይመኙሻልን ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማ፣ «ስመኝ ለምን ሰላምታ አልላከችም» ብላ ከጠየቀችሽ እጇ ሊጥ ስለነካ ነው በያት።

ወንድምሽ ገሪማ
ዲላ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.