የጋሽ ተክሌ ማንበቢያ ዝም ያለበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

«አሁን ልታደስ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የማይጠብቅ ዕቃ ምን ይባላል? እኔ እንጃ። ዛሬ ፒያሳ ካፌ ጥግ ይዤ፣ ማኪያቶዬ እየቀዘቀዘ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ እጄ ላይ ሲጠፋና ሲበራ አየሁ። የራሴ ቢሆን ባልከፋ። የጋሽ ተክሌ ነው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። እዚህም ላይ ካድበሰበስኩ የት ልናገር ነው።

ጋሽ ተክሌ ጎረቤታችን ናቸው። ዶሮ ማነቂያ ያለችው ቤታችን ከእሳቸው ቤት ጋር የምትለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎ» የምንላቸው ከዚሁ ሆነን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ፤ የሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖሩ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ሐኪሙም «ማየትዎ ቀስ እያለ ይጠፋል» ብሏቸዋል። የወረቀት መጽሐፍ ከተዉ ቆዩ። ልጃቸው ናት ማንበቢያውን የገዛችላቸው። ስልክም ታብሌትም አይደለም፤ መጽሐፍ ብቻ የሚነበብበት፣ ፊደሉ እስከፈለጉት ድረስ የሚተልቅ ነገር ነው። ሲመጣ አማርኛ አያሳይም ነበር። አምና ገና ተማሪ ሳለሁ ሦስት ቀን ታግዬ የአማርኛ ፎንት ያስገባሁበት እኔ ነኝ። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ያለኝ ያኔ ነው።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለባለቤታቸው ለእትዬ ጽጌ ጮክ ብለው ያነባሉ። እትዬ ጽጌ ፊደል አልተማሩም፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ከአልጋ ብዙም አይወርዱም። እኛም በግድግዳው በኩል በነፃ እንሰማለን።

«ዋይፋይ እንዳይከፍቱ፣ አፕዴት ካደረገ አማርኛው ሊጠፋ ይችላል» ብዬ ያስጠነቀቅኳቸው ራሴ ነኝ። ታዲያ ዛሬ «ላጽዳልዎ» ብዬ ወስጄ ካፌ ውስጥ ዋይፋይ የከፈትኩት ማን ሆኜ ነው? ሐሙስ ለምገባበት ቃለ መጠይቅ አንድ መጽሐፍ ላወርድ። በስልክ ሳነብ ዓይኔን ያመኛላ። የእኔን ዓይን!

ድሮ «በኋላ» የምትል ቁልፍ ነበረችው። ዛሬ የለችም። «አያጥፉት» ይላል፣ በቃ።

ተመልሶ ሲበራ አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል። ፎንት የማስገቢያው መንገድም ተዘግቷል።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጠዋት ስልክ ጠጋኞቹ ጋ ዞርኩ። አንዱ ማንበቢያውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፦

«እህቴ፣ ይሄ ይደውላል?»
«አይደውልም።»
«ፎቶ ያነሳል?»
«አያነሳም።»
«ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው? ሲፈጠርም እንዲሁ ነው እኮ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሌላው አማራጭ ማልቀስ ነበር። በኋላ ከልቡ አየልኝና «የድሮው አይመለስም፣ ራሱ ነው የቆለፈው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሱቅ ደርሼ ስመለስ የለም። እናቴ «ጋሽ ተክሌ መጥተው ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው» አለች።

ሮጥኩ። በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ማንበቢያውን ወደ ብርሃን ያዘነብላሉ፣ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፣ ያርቃሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ።

«ሕይወት ልጄ፣ ነይ እስቲ። ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ላንቺ ይታይሻል?»

«አዎ ጋሼ።»

ይኼው ነው ያልኩት። አፌ ቀደመኝ። ሐሙስ ቃለ መጠይቅ ለምገባበት ሥራ የጠቆሙኝ እሳቸው ናቸው፤ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት «እጇ ላይ ዕቃ አይበላሽም» ብለውልኛል። እሱ ነው መሰለኝ የመጣብኝ።

«ይታይሻል» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። «እንግዲህ ደረሰ ማለት ነው» አሉ።

ማንበቢያውን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «አንቺ ጋ ይሁን፣ አንብቢበት።»

አሥር ሰዓት ሆነ። ግድግዳው ዝም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አምስት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤት። ባለቤቱ ድሮ የጋሽ ተክሌ ተለማማጅ ነበር። ገና ሳልቀመጥ «ጋሼ ትናንት ስደውልላቸው ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ዓይናቸው ባሰ እንዴ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። ሁለተኛ ውሸት።

ቀጥሎ ደግሞ ምን ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? «አበላሽተሽ የምታውቂውን ነገር ንገሪኝ፤ እንዴት አስተካከልሽው?» ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ያልሆነ ታሪክ ፈጠርኩለት፤ እንዴት ወዲያው ለቡድኔ እንደተናገርኩ፣ እንዴት ኃላፊነት እንደወሰድኩ። ሦስተኛ። በጣም ወደደው። ማስታወሻው ላይ ሲጽፈው አየሁ።

ሰኞ ይደውልልኛል።

ስመለስ በደጃቸው በኩል ማለፍ አቅቶኝ በአትክልት ተራ ዞሬ ገባሁ። አሥር ሰዓት ላይ ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ ተከፈተ፤ ወዲያው ተዘጋ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

እትዬ ጽጌ በእናቴ አስጠሩኝ።

«አንቺ፣ ያ ሰውዬ ወንዝ ሲሻገር ውሃው ወገቡ ድረስ መጣ ተብሎ ነው የቆመው። ሦስት ቀኑ ዛሬ! እስካሁን ብርድ አይመታውም?»

የሚነበብላቸው ልብ ወለድ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ነው። ሳቅኩ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተክሌ ምግብ እንቢ ብሏል። ቁጭ ብሎ እጁን ያያል። ለኔ አይናገርም።»

ጋሽ ተክሌ ከጓዳ ወጡ። በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። አጉሊ መነጽር ነው፤ እጀታው በእጃቸው ቅርጽ የተበላ።

«በአራሚነቴ ዘመን የምሠራበት ነው። ማተሚያ ቤት ከገባሽ ትፈልጊዋለሽ።»
«ጋሼ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ እንጂ።»
«ላንቺ እየታየ ለኔ ካልታየ ሐኪም ምን ይጨምርልኛል?»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። አመስግኜ! አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ መጽሐፍ ደረብኩበት እንዳላየው።

አንድ ጥሩ ነገር ግን ተገኘ። ማንበቢያው ፊደሉን እንቢ ቢልም ሥዕል አይከለክልም። የሚያነቡትን ልብ ወለድ ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ፣ ፊደሉን አተልቄ፣ ገጹን እንደ ፎቶ አድርጌ ሞከርኩት። ታየ። በግልጽ ታየ! በደስታ እናቴን አቀፍኳት፤ «ሥራውን አገኘሽ?» አለችኝ።

ከዚያ መጥፎው ሐሳብ መጣ። ሁሉንም እንዲህ ሠርቼ፣ ምንም ሳልናገር ብመልስላቸውስ? ያነባሉ። ማንም አያውቅም።

እሳቸውን ግን አውቃቸዋለሁ። «ጌታ ዓይኔን መለሰልኝ» ብለው እሁድ ጉባኤ ፊት ቆመው ይመሰክራሉ። ሰው እያለቀሰ ሃሌ ሉያ ይላል። እኔም እዚያው ከኳየሩ ጋር ቆሜ አጨበጭባለሁ። በእኔ ውሸት።

አይሆንም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

አርባ አንድ ገጽ። ወንዙ ያለበት ምዕራፍ አልቋል። ጣቴ ደንዝዟል።

ለመናገር ሁለት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ እንግዳ ነበራቸው። ሁለተኛው ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ «ጨው ይኖራችኋል?» አልኩ። ቤታችን ጨው ሞልቷል። በሲኒ ተቀብዬ ተመለስኩ። እናቴ ጨዉን አየች፣ እኔን አየች።

በአፌ አልችልም ማለት ነው። ስለዚህ የአምናውን የግድግዳ ካላንደር ቀድጄ በጀርባው በወፍራም ማርከር ጻፍኩ፤ እያንዳንዱ ፊደል የአውራ ጣቴን ያህል። ያን ያህል ትልቅ ፊደል እንደሚያዩ አውቃለሁ። የሚገርመው፣ በትልቁ ሲጽፉ መሸፋፈን አይቻልም። ቦታ አይበቃም። «ይቅርታ ግን» ብዬ የጀመርኩት ወረቀት ተቀዶ ወደቀ። «ሳላስበው» ያልኩበትም ወደቀ። አራተኛው ተረፈ።


እሁድ፣ ጥቅምት 16

ከቸርች እንደተመለስን፣ ወረቀቱንና ማንበቢያውን፣ አጉሊ መነጽሩንም ጨምሬ በራቸው ላይ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። አንኳኩቼ ሸሸሁ፤ እንደ ሕፃን። ገብቼ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ።

በሩ ተከፈተ።

እትዬ ጽጌ፦ «ማነው?»
«ማንም የለም። ወረቀት ነው... ቆይ እስቲ።»

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። ጮክ ብለው። እሳቸው በልባቸው ማንበብ አያውቁም፤ ይህን እንዴት ረሳሁት?

«ጋሽ ተክሌ... ዓይንዎ... አልጠፋም።» ቆሙ። «ጽጌ፣ እያነበብኩ ነው እኮ!»
«እሰማለሁ። ቀጥል።»

«ማንበቢያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለራሴ ጉዳይ ዋይፋይ ከፈትኩት። ይታይሻል ሲሉኝ ለእኔም አይታየኝም ነበር። ዋሸሁዎት።»

ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። ልብስ ታሰጣ የነበረችው ጎረቤት እጇ አየር ላይ ቀረ። እናቴ ሽንኩርቷን ትታ ወደኔ ዞረች። እሳቸው ግን አንድም ቃል ሳይዘሉ ቀጠሉ።

«ቀሪውን መጽሐፍ በሥዕል አድርጌ እጨርስልዎታለሁ። ለማተሚያ ቤቱ ሰው ያደረግኩትን ነገ ራሴ እነግረዋለሁ። ሊያናግሩኝ ከፈቀዱ ግድግዳውን ያንኳኩልኝ። ሕይወት።»

ከዚያ ከመጀመሪያው እንደገና አነበቡት። ለእኔ ብለው አይመስለኝም። ማየታቸውን ለማረጋገጥ ነው።

«አንኳኳላት እንጂ» አሉ እትዬ ጽጌ።
«ትቆይ። እኔም አራት ቀን ቆይቻለሁ።»

እናቴ አጠገቤ መጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አሥር ሰዓት ሆነ። የእሳቸው ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል የሚመዝን። ውሃው ደረቱ ደረሰ፣ እግሩ ድንጋይ ነካ። እትዬ ጽጌ «እሰይ» ሲሉ ሰማሁ።

ሰውዬው ከወንዙ ወጥቷል። ግድግዳው ግን ገና አልተንኳኳም፤ ጀርባዬን አስደግፌ ነው ይህን የምጽፈው።

ጋሼ፣ እባክዎን ያንኳኩልኝ።