ክሩን አጥብቃችሁ እሰሩ

መካነ ሰላም
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለሩቂያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ የእናትሽ ዓለም። ያለሽበት አገር ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እኛን ብርዱም አልለቀቀን፣ መብራቱም እንደ ልማዱ መጣ ሄደ ይላል፤ ከዚያ በቀር አልሐምዱሊላህ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የበዛች ልጅ ራሄል ናት። በስልክ ለምን እንዳልነገርኩሽ ታውቂዋለሽ። ስትደውዪ እመቤትሽ ካጠገብሽ አትጠፋም፤ አንቺም "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ።

የላክሽው ጌም ለዒድ ደርሷል። ወላሂ ጉድ ነው! ዱላ የመሰለውን መያዣ ጨብጠሽ እጅሽን ስትወነጭፊ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ኳሷን ይመታታል። በዛች እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጥታ ሞከረችው፤ ማሽላ ላይ ወፍ የምታባርር ነበር የምትመስለው። እኔም አልቀረልኝም፣ የቡፌውን መስታወት ልሰብረው ምንም አልቀረኝ። አንቺ በድምፅ መልእክትሽ "የመያዣውን ክር እጃችሁ ላይ ሳታስሩ እንዳትይዙት፣ አደራ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ" እያልሽ ስትደጋግሚ "ይቺ ልጅ እዚያ ሄዳ አሮጊት ሆና ቀረች" ብዬ ሳቅሁብሽ።

ሳቄ ግን አልቆየም።

እህትሽ ኡምኩልሱም ከዚያ አገር ከተመለሰች ወዲህ እንደማትናገር ታውቂያለሽ። ሰው ሲጠጋት ትሸሻለች፤ ግድግዳ ተደግፋ ትውላለች። ጂን ነው ተባለ። ወዳጃ ተቀመጥንላት፤ እስላም ክርስቲያኑ ሰፈሩ ሁሉ መጣ፣ ዱዓ ተደረገ። ሁሉም እጁን አንስቶ "አሚን" ሲል እሷ ራሷን በክንዷ ሸፍና ወለሉ ላይ ተደፋች። "ይኸው፣ ጂኑ ዱዓውን ፈራ!" አሉ ሽማግሌዎቹ። እኔም ሊለቃት ነው ብዬ እልል አልኩ። ያ እልልታ ዛሬ አፌን ያቃጥለኛል።

በዒድ ማግስት ከሰዓት በኋላ ታናሻችሁ ኢልሀም ጌሙን ስትጫወት ኡምኩልሱም ከኋላዋ ተቀምጣ ነበር። ኢልሀም ኳሷን ልትመታ እጇን ወደ ኋላ አነሳች። ኡምኩልሱም ልክ እንደ ወዳጃው ቀን ራሷን ሸፍና ተደፋች። ዱዓ የለ፣ ሸህ የለ፤ የነበረው የተነሳ እጅ ብቻ ነው። ሩቂያ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ጂን አልነበረም።

ኢልሀም እያለቀሰች አቀፈቻት። ያን ሁሉ ወር ዝም ያለችው ልጅ ያኔ ተናገረች።

"ይሄን ጌም አውቀዋለሁ፣ ዘፈኑም ያው ነው። እሠራበት የነበረው ቤት ትልቁ ልጅ ይጫወተው ነበር። አርጅቷል ተብሎ ተጥሎ ነበር እኮ፤ ሠሪዎቹ አድሰው መልሰው አወጡት ማለት ነው።"

አሮጌ ጌም እንደ አሮጌ ጫማ ተጠግኖ ይወጣል ለካ።

"ሲሸነፍ ይናደድ ነበር?" አለቻት ኢልሀም።

"ሲሸነፍማ ዱላውን ይወረውረዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን አይወረውርም፤ እሱ ውድ ነው።"

ከዚያ በላይ አልጠየቅናትም። ማታ ገላዋን ሳጥባት ጀርባዋን አየሁት።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ለኢልሀም ከእመቤትሽ እህት ቤት ያገኘሽላት ሥራ ይቅር። የጉዞ ወረቀቷ አልቋል፣ ሰው ምን ይለናል እንዳትዪኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኛ አንዴ ተቃጥለናል። ሻንጣዋን ራሴው ፈትቼዋለሁ። ብታኮርፊኝም እችለዋለሁ።

ሌላው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ትናንት ኡምኩልሱም ክሩን ለኢልሀም ስታስርላት አየኋት። እስኪያማት ድረስ አጠበቀችው። "ምነው?" ብላት "ካልታሰረ ሰው ላይ ያርፋል፣ እማ" አለችኝ። ወዲያው ጆሮዬ ላይ የመጣው ያንቺ ድምፅ ነው። ልጄ፣ አንቺስ ይሄን ከማን ቤት ተማርሽው?

በስልክ ልትመልሺልኝ እንደማትችዪ አውቃለሁ። ስትደውዪ፣ ደህና ከሆንሽ ስለ ጌሙ ምንም አታንሺ። ካልሆንሽ ግን እመቤትሽ እየሰማችም ቢሆን "ክሩ አልተበጠሰም?" ብለሽ ጠይቂኝ። ይበቃኛል። ያለኝን ሸጬም፣ የማላውቀው ሰው እግር ላይ ወድቄም ቢሆን አስመጣሻለሁ።

አላህ ከተነሳ እጅ ይሰውርሽ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢልኝ። አሁን ዱዓ ሳደርግ ኡምኩልሱም እንዳትደነግጥ እጄን አላነሳም፤ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነው የምለምንልሽ። ዝቅ ብሎም ይደርሳል፣ አብሽሪ።

እናትሽ
አበቡ