ለሁለት ጣት የተሠራ ድራም

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሐጂራ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሞቹ የወንድማችን የመሐሙድ ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ እንዲቆረጥ ሐሳብ አቀረቡ። ፈቃዱን የሚፈርመው ራሱ ነው። እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 16 ጊዜ ሰጥተውታል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስደውል ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ደብዳቤውን የጎረቤታችን ልጅ ሩፈይዳ ይዛልሽ ትመጣለች፤ የፊታችን ዓርብ ጂዳ ትገባለች። የላክሽው የደም ግፊት መድኃኒት ለእማ ደርሷል። እሷ አሁን ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ አክስታችን ቤት ናት። እጁ እየዳነ ነው ብለናታል።

በጥር ወር የደረሰውን አደጋ በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ። መብራት ጠፍቶ የቡና መፈልፈያችን ቆሞ ነበር። መሐሙድ ማሽኑን ከሚያዞረው ቺንጋ ሥር የተሰነቀረ ጆንያ ሊያወጣ እጁን አስገባ። መብራት መጣ፤ ማሽኑ ራሱ ተነሳና እጁን ቀጠቀጠው። መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚዘጋውና ሰው ካልነካው የማይነሳው ማብሪያ ኅዳር ላይ ተቃጥሎ ስለነበር፣ መስመሩ በቀጥታ ታስሮ ነበር። ቡና የጫኑ መኪኖች በር ላይ ተሰልፈው፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየሮጡ ማስነሳት ሥራ ያስፈታ ነበር።

የአጋሮው ነጋዴ ሸምሰዲን ሊጠይቀው መጥቶ፣ “ማሎ፣ ኧረ ማን ነው በቀጥታ ያሰረው?” አለ።

እኔ ሱቁ ውስጥ ካውያ ይዤ የሰው ሬዲዮ እየበየድኩ ነበር። መሐሙድ ቀደመኝ።

“ስንገዛውም እንደዚያ ነበር፣ ኦቦ ሸምሰዲን።”

“እንግዲህ በልጄ ሠርግ ድራም ማን ሊመታልኝ ነው?”

“መጀመሪያ የሚወስዳት ይገኝ፤ ድራሙ ቀላል ነው።”

ሸምሰዲን ሳቀ። ማሽኑን ስንገዛ አንቺም ነበርሽ፤ ማብሪያው ደህና እንደነበር ታውቂያለሽ።

አሁን የሚንቀሳቀሱት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ብቻ ናቸው። ጉልበት የላቸውም፤ የድራም ስቲክ አይዙም። የሠርግ ባንዱ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ስለዚህ የካቲት ላይ ድራም መሥራት ጀመርኩ። ከተበላሹ መጫወቻዎችና ከማንቂያ ሰዓቶች ውስጥ የምትጮኸውን ባዘር አወጣሁ። የሳንቲም ያህል ዝርግ ናት። ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ትጮኻለች፤ ሲመቷት ደግሞ እሷው ጥቂት ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። ከስፖንጅ ጋር የጣሳ ክዳን ውስጥ አስቀምጬ በባጃጅ የውስጥ ጎማ ወጠርኩባት። ገመዷ ወደ ትንሽ ሰርኪት፣ ከዚያም ወደ አሮጌው ላፕቶፕ ይሄዳል። የድራሙን ድምፅ የሚያወጣው ላፕቶፑ ነው። አምስት ሠራሁ። በጣት ጫፍ ለነካቸውም ሙሉ ምት እንዲያወጡ አድርጌ አስተካከልኳቸው።

የሞከርኩት ዓርብ ነበር፤ ለጁምዓ መፈልፈያው ይቆማል። ጸጥ ባለው ቤት በደንብ ሠራ። ቅዳሜ መሐሙድን አስቀምጬ የጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁለት። እጁን ገና ሳያሳርፍ ከግድግዳው ማዶ መፈልፈያው ተነሳ። ንዝረቱ በወለሉና በጠረጴዛው በኩል መጥቶ አምስቱንም ይመታቸው ጀመር። መሐሙድ ማዳመጫውን አወረደ።

“ይኼም ራሱ ይነሳል?” አለኝ።

ከጥር ወዲህ ስለዚያ ቀን ለእኔ የተናገረው ይኸው ብቻ ነው። ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን ትቼ ድራሞቹን የቡና ገለባ በሞላው ጆንያ ላይ አኖርኳቸው። ገለባው ንዝረቱን ይውጠዋል። ትናንት መፈልፈያው እየሠራ በሁለት ጣት ብቻ ሞከርኩት። ግማሽ ሰዓት መታሁ። ካልነካሁት አንድም ድምፅ አልወጣም።

ዛሬ ዶክተር ፊርዶስ ራጁን እያሳየችን፣ “ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አይታችሁ አትታለሉ” አለች። “ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ወደ ላይ ከወጣ የምናጣው እጁን ብቻ አይደለም።”

መሐሙድ ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ፣ “በሁለት ጣት መምታት ከቻልኩ አልፈርምም” አለኝ። “ካልቻልኩ ግን ይቁረጡት፤ ምን ያደርግልኛል?” ቀጥሎም፣ “ያ ነገርህ ተስተካከለ?” ሲል ጠየቀኝ።

“ገና ነው” አልኩት።

“ተወው እንግዲህ። እንቅልፍህን አትጣ።”

ድራሞቹን በጆንያ ሸፍኜ ከሱቁ መደርደሪያ ጀርባ አስቀምጫቸዋለሁ። ከፈረመ በኋላ ቢያገኛቸው ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሳይፈርም ቢያገኛቸው ግን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ስትሄጂ መሐሙድን አደራ ያልሽው እኔን ነው፤ ሆኖም ከእኔ ይልቅ የሚሰማው አንቺን ነው። በራሱ ስልክ ደውይለት። ስለ ድራሙም ሆነ ስለ ማሽኑ የምትነግሪውን አንቺ ወስኚ፤ የወሰንሽውን እቀበላለሁ።

አላህ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፣ ልፋትሽን በረካ ያድርግልሽ፣ በጤና ያገናኘን። እማ ዱዓ ታደርግልሻለች።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታል እንገኛለን። ከመሐሙድ ፊርማ ሥር የቤተሰብ ፊርማ የሚል መስመር አለ፤ እሱ የእኔ ነው።

ወንድምሽ
ፋሂም